የእህል በረንዳ አህዮችና የጭነት ሂሳብ

ስለ መርካቶ ሲጻፍ የነጋዴው ብልሃት፣ የደላላው አፍ፣ የኩሊው ትከሻ ይነሳል። አህያው ግን ከፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ ጆሮው ብቻ ይታያል። እኔ መሳለሚያ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ ነው ያደግሁት። አባቴ ጤፍና ባቄላ ይነግድ ነበር፤ አያቴ ደግሞ ሲራራ ነጋዴ። ስለዚህ የዚህ ገበያ ታሪክ ለእኔ የጭነት ታሪክ ነው፤ ማን ጫነ፣ ስንት ጫነ፣ መቼ አራገፈ።

አያቴ ከቢቸና ወገን ማርና ቅቤ ጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ወደ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ቀን በእንስሳ አቅም የተለካ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይጫናል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይራገፋል፤ ከሰዓት በኋላው የጋማ ከብቱ የግጦሽና የእረፍት ጊዜ ነው። አጼ ምኒልክን የጎበኙ አውሮፓውያን መንገደኞች በዚህ ልማድ ይበሳጩ እንደነበር ማስታወሻቸው ይመሰክራል። ገና ብርሃን ሳለ ለምን እንቆማለን ይላሉ። ጫኞቹ መልስ ለመስጠት እንኳ አይደክሙም፤ አራግፈው ለሣር ይለቁታል።

ይህን ደግነት ብቻ ነው ብዬ አላሳምረውም። በዓባይ በረሃ መሃል አህያው ጀርባው ተልጦ ከወደቀ ነጋዴው ከነማሩ እዚያው ቀረ ማለት ነው። በየማታው ጀርባ መዳሰስ፣ ቁስሉን በጨው ውኃ ማጠብ፣ ከጭነቱ ሥር አጎዛ ማንጠፍ፣ ይህ ሁሉ የንግዱ አካል ነበር። ርኅራኄና ጥቅም በአንድ መንገድ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር ለማለት ነው። በዚያ ላይ አህያ በክፉ ቀን የታመነ ከብት ነው። ከ1880 ጀምሮ የከብት ዕልቂት በሬውንና ላሙን ሲፈጅ፣ በሽታው የሚነካው ሰኮናው የተሰነጠቀውን ነበርና አህያን አልደፈረውም። አርሶ የሚያበላ በሬ በጠፋበት አገር ቆሞ የቀረው እሱ ነበር። በረሃቡ መጨረሻ ሰው እሱንም እስከ መብላት ደርሷል።

ሃይማኖቱስ? አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜንም እንደ እሑድ ሰንበት እንዲከበር ሲያስወስኑ፣ የኦሪቱ ሕግ የሚያሳርፈው ሰውን ብቻ አልነበረም፤ በሬውንና አህያውንም ነው። ገበሬያችን ቅዳሜ አያርስም፤ በሬው ያርፋል። ነገር ግን በአራዳ ጊዮርጊስ ሥር ይቆም የነበረው የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ የሚደምቀው ቅዳሜ ነበር! በሬው ቤቱ ተኝቶ ሲያመሰኳ አህያው እህልና ማገዶ ተጭኖ የእንጦጦን ዳገት ይወርዳል። በሰንበት ስም የተጻፈለትን እረፍት ገበያ ቀማው። ካህን ሲቆጣም አልሰማሁም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጩንና አገሬውን ለይቶ ለማስፈር ሲያቅድ፣ ትልቁን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ገፋው። ጣልያን በ1933 ሲባረር ገበያውም መርካቶ የሚለው ስሙም እዚያው ቀሩ። ለአህያ ግን ከገበያው መዛወር ይልቅ መንገዱ ነው ዕጣውን የለወጠው። ካሚዮን መጣ። ረጅሙ መንገድ ከአህያ ጀርባ ላይ ተነሳ፤ ማሩም ጤፉም ከጎጃም በመኪና መግባት ጀመረ። ያኔ አህያ ተገላገለ የሚል ካለ እህል በረንዳን አያውቅም። ለአህያ የቀረለት አጭሩ መንገድ ነው፤ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ጓዳ፣ መኪና በማያስገባው ቅያስ ሁሉ።

አጭሩ መንገድ ደግሞ የከፋ ነው። በረጅሙ መንገድ ቀትር ላይ ማራገፍ ነበር፤ በአጭሩ ግን ማቆሚያ የለም። አራግፎ ይመለሳል፣ እንደገና ይጫናል። ክፍያው በምልልስ ነው። ነጂው ብዙ ጊዜ የአህያው ጌታ አይደለም፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ የሚያስገባ፣ ከገጠር ከመጣ ብዙ ያልቆየ ልጅ ነው። አያቴ አህያውን ከገደለ የከሰረው ራሱ ነበር። ይህ ልጅ ግን ቀኑን በምልልስ ካልሞላ ማታ ራቱን ያጣል፤ የአህያው ጀርባ የሌላ ሰው ኪሳራ ነው። መጫኛውም ተለውጧል። የቆዳው ጠፍር ቀርቶ ናይለን ገመድ መጣ፤ ናይለኑ ሆድ ሥር ገብቶ ይቆርጣል። አጎዛው ቀርቶ ባዶ ማዳበሪያ ታጥፎ ይነጠፋል።

ሂሳቡን እንየው። የአገራችን አህያ ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ኩንታል እምብዛም አያልፍም። የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት ጭነት የገዛ ክብደቱን ሲሶ ገደማ ነው። እህል በረንዳ ላይ ግን ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ግራና ቀኝ ሲታሰር እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ያ ማለት አህያው ራሱን የሚያህል ተሸክሞ ይሄዳል። አባቴም እንደዚያው ያስጭን ነበር፤ ሌላውም ነጋዴ እንደዚያው። መንገደኛ ቆሞ ነጂውን ይሳደባል፤ «አንተ አረመኔ፣ አትመታው!» ይለዋል። ኩንታሉን በአንድ ምልልስ ዋጋ ያስጫነው ባለ መጋዘን ግን በር ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው። ዱላውን የያዘው ልጅ ቢሆንም የጭነቱን ልክ የሚወስነው ከፋዩ ነው፤ ከፋዩ ደግሞ እኔና እናንተ ነን።

እግረ መንገዴን፣ ዶሮ ተራን ሳላነሳ ባልፍ እናቴ አትምረኝም። በበዓል ዋዜማ ዶሮ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ከመርካቶ እስከ ቤት ትሄዳለች። ወፍ እንደ እኛ ሆድና ደረትን የሚለይ ሥጋ የላትም፤ ቁልቁል ስትሰቀል የሆድ ዕቃዋ መተንፈሻዋን ይጫናል። እናቴ ይህን ከሐኪም አልሰማችም። ግን ቅርጫት ይዛ ነበር የምትሄደው፤ «ነገ የማርዳት ብሆንም ዛሬ እንግዳዬ ናት» ትል ነበር። ሻጮቹ ይስቁባት ነበር። ቅርጫት ምንም አያስወጣም፤ ለምን ልማድ እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ደጉን ነገርም ላውሳ። ዶንኪ ሳንክችዋሪ የሚባለው የእንግሊዞች ድርጅት ከቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ መርካቶ አጠገብም አህያ በነጻ የሚታከምበት ክሊኒክ አለ። ጠዋት ላይ ብትሄዱ ነጂዎቹ ተሰልፈው ታገኛላችሁ፤ ያ አረመኔ የተባለው ልጅ የአህያውን ጆሮ ይዞ ቁስሉ ሲታጠብ ፊቱን ያዞራል። ከሚመጡት ሕመሞች አንዱ የሆድ ድርቀት ነው፤ ገበያው የጣለውን ፌስታል በልተው አንጀታቸው ይዘጋል። በ2017 ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ የቱቦ መደፈንና የከተማ ጽዳት ተነሳ እንጂ አህያን ያሰበ አልነበረም፤ ከተፈጸመ ግን እንደ እሱ የሚጠቀም የለም።

በ2009 ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ ቻይናዎች የአህያ ቄራ ከፍተው ነበር። ሥጋውን ለውጭ፣ ቆዳውን እጅያኦ ለሚባለው የቻይና መድኃኒት ነው የፈለጉት። ሕዝቡ ተነሳ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አህያ አይበላምና ነውር ነው አለ፤ የከተማው አስተዳደርም ዘጋው። የካቲት 2016 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። ጥሩ ነው። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የተቆጣነው አህያው ስለሞተ እንጂ እንዴት እንደሚኖር ጠይቀን አይደለም። ስለ ቄራው ያን ያህል የጮኸ ሰፈር ስለ ኩንታሉ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ጤፍ የምገዛው እዚያው አባቴ ይነግድበት በነበረው መስመር ነው። አንድ ኩንታል ስገዛ በሁለት አህያ እንዲጫን እላለሁ፤ የሁለተኛውንም ዋጋ እከፍላለሁ። ጭማሪው ከጤፉ ዋጋ አንጻር ከቁጥር አይገባም። ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ ጤፉ ተወደደ እያልክ ደግሞ ኪራይ ትጨምራለህ» ብሎ ይስቃል። ነጂው ግን ሁለት አህያ አይፈልግም፤ አንዱን አህያ ሁለቴ ቢያመላልሰው ሙሉ ክፍያው ለራሱ ይገባለታልና። «ግማሽ ግማሽ ከሆነ ግድ የለም፣ ሁለቴ ይመላለስ» አልኩት። መሃል ላይ ውኃ እንዲያጠጣው ተስማምተናል፤ የውኃውንም ዋጋ እሱ ራሱ ጨምሮ ነገረኝ።