ለምን እንደ ወጣን አንርሳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ሲያዝዘን፣ ልባችን በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ሆነ በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ይህን እየመለስሁ አሳቤ በማግስቱ ፈተናና ስልኬ ላይ ባነበብሁት ወሬ የተያዘበትን ቀን አስታውሳለሁ። በመቅደስ ቆሜ ያልሆነውን ሆኗል ማለቴ ነበር። እናንተስ? ይህ ድካም በስልክ ዘመን ብቻ የመጣ አይደለምና ከአባቶቻችን አንዱን እንጠይቅ።

አባ አርሳንዮስ የሮም ሰው ነበረ። በሮማይስጥና በጽርዕ ትምህርት የበሰለ በመሆኑ፣ ከ379 እስከ 395 እ.ኤ.አ. የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ልጆቹን አርቃዴዎስንና አኖሬዎስን እንዲያስተምርለት በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት አኖረው። ክብርና ሀብት በዙሪያው ነበሩ። እርሱ ግን የሚድንበትን መንገድ እንዲያሳየው ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ ከሰው እንዲሸሽም ተነገረው። ቤተ መንግሥቱን ትቶ በመርከብ ወደ ግብፅ ሄደ፤ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን በሚባለው በአስቄጥስ በረሃም መነኰሰ።

ልብ በሉ! በረሃ መግባቱ ብቻውን አልበቃውም፤ ዝናው ተከትሎት መጣ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ሳይቀር ሊጎበኘው መጥቷል። ከሞተ ዘመዱ ብዙ ሀብት እንደ ወረሰ የሚገልጽ ኑዛዜ በመጣለት ጊዜም፣ እርሱ ከዘመዱ አስቀድሞ እንደ ሞተ ተናግሮ አንዳች ሳይቀበል መለሰው። ስለዚህ ከዓለም ለምን እንደ ወጣ ራሱን ዘወትር ይጠይቅ ነበር። ቅዳሜ ማታ ፀሐይን ወደ ኋላው ትቶ እጆቹን ይዘረጋል፤ የእሑድ ፀሐይ በፊቱ እስክትወጣ ድረስም በጸሎት ይቆማል።

እኛን ተማሪዎችን ይልቁን የሚገሥጸን ሌላ ነገር አለ። ይህ የነገሥታት ልጆች መምህር ስለ አሳቡ አንድ ግብፃዊ አረጋዊ መነኩሴን ሲጠይቅ ታየ። ያየው ሰው ቢደነቅ፣ የሮምንና የጽርዕን ትምህርት ቢያውቅም የዚህን ገበሬ ፊደል ገና እንዳልቆጠረ መለሰለት። እንግዲህ ብዙ ማወቅ ብቻውን የባከነ ልብን አይሰበስብም፤ ይህን ፊደል የምንቆጥረው በትሕትና ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሁላችን ወደ በረሃ አንሄድም፤ ትምህርታችንንና ሥራችንን እንድንተውም አልታዘዝንም። ከቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን የእርሱን ጥያቄ ይዘን መውጣት እንችላለን። ከደጀ ሰላሙ ጥቂት ቆም ብለን «ለምን መጣሁ?» እንበል። ማታ ለጸሎት ስንቆም ስልካችንን ከአጠገባችን እናርቅ። አሳባችን ሲሸሽ ተስፋ ሳንቆርጥ ደጋግመን እንመልሰው፤ አባ አርሳንዮስም አንድ ጊዜ ጠይቆ አላበቃም።

ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 13 ቀን ታስበዋለች። ጸሎቱና በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።