የቆቃ ግድብና የመብራት ሞተር መመለስ

በአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ ቀድሞ የመጣው ግድብ ሳይሆን ሞተር ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1898 የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው በሞተር ኃይል ነበር። በ1960 ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል ሊያመነጭ ሲመረቅ፥ የሞተር ዘመን ያበቃ ይመስል ነበር።

ሆኖም አዋሽ ከውኃው ጋራ ደለል ያመጣል፤ ዝናብ ሲያንስም ኃይል ያንሳል። በ2009 በአገሪቱ መብራት በፈረቃ እንደ ነበረ ይታወሳል። በክረምትም ዐውሎ ነፋስ ምሰሶ ይጥላል። በ2012ና በ2015 የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች በተተከሉባት በአዳማ እንኳ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ሞተር በየሆቴሉና በአንዳንድ መኖሪያ ቤት ይገኛል።

የሞተሩ ጠባይ ግን ተለውጧል። የቀድሞው ብቻውን ያበራ ነበር፤ የዛሬው ከሕዝብ መስመር ጋራ በአንድ ቤት ይገናኛል። ሁለቱን የሚለይ መቀያየሪያ ሳይገጠም ቢነሣ፥ ኃይሉ ወደ ውጭ ተመልሶ በትራንስፎርመሩ ይበረታል፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ የወጣውን ሠራተኛም ሊገድል ይችላል። ጢሱም መርዝ ስለ ሆነ ሞተሩ ከቤት ውጭ፥ ከመስኮትም ርቆ መቀመጥ አለበት።

እንግዲህ ሞተር የሚያስገባ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ስለ መቀያየሪያው ይጠይቅ። የአንድ ቤት ብርሃን በሌላው ሕይወት መገዛት የለበትም።