ድብርት በጋዜጣ ዓይን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ድብርት የያዘው ሰው ግን ሕመሙን የሚደብቀው ቢናገር ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ነው። ይህን ካሳወቁት መካከል ጋዜጦች ይገኙበታል።

በቃሉ እንጀምር። በተለምዶ «ዛሬ ደብሮኛል» ስንል መሰልቸታችንን መናገራችን ነው። በሕክምና ድብርት፣ አንዳንዶች ድባቴ የሚሉት፣ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚዘልቅ የስሜት መውደቅ ወይም የነገሮች ሁሉ ጣዕም ማጣት ነው። እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ሥራን ያናጋል፤ በምክርና በመድኃኒትም ይታከማል። ጋዜጣ ግን ሕመሙን አንዴ እንደ ቅብጠት፣ አንዴ እንደ እብደት ያቀርበዋል። እየታመመ ቢሮ የሚገባው፣ ልጆች የሚያሳድገው ሰው ዜና አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2015 ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ይበር የነበረውን የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ረዳት አብራሪው ሆን ብሎ በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ላይ ከሰከሰው። የተሳፈሩት 150 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ሰውየው ቀደም ሲል በድብርት ታክሞ እንደነበር ሲሰማ አንዳንድ የብሪታንያ ጋዜጦች የፊት ገጻቸውን ለዚሁ ሰጡ፤ ዴይሊ ሜይል እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንዲያበር ተፈቀደለት ሲል ጠየቀ።

በተማርኩት ሕግ አንድ ነገር ከሌላው ቀድሞ መገኘቱ ብቻውን መንስኤ አያሰኘውም። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ከድብርት ጋር ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን አያነሱም። የፈረንሳይ የአቪዬሽን አደጋ መርማሪ ቢሮ በማርች 2016 ያወጣው ሪፖርትም ረዳት አብራሪው ከተራ ድብርት ያለፈ፣ ከእውነታ የሚያለያይ ሕመም ሳይዘው እንዳልቀረ ያስረዳል። አንድ ሐኪም ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት የአእምሮ ሆስፒታል እንዲገባ መክሮት ነበር፤ አሠሪው ግን አልሰማም። ሪፖርቱ የበረራ ፈቃድንና ገቢን የማጣት ስጋትን ከዝምታው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል፤ አብራሪዎች ችግራቸውን ለባልደረቦቻቸው የሚናገሩበት መንገድ እንዲዘጋጅም ይመክራል። «ድብርት ያለበት አይብረር» የሚል ርዕስ የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቀጣዩን ታማሚ «ዝም በል» ይለዋል።

ድብርት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሰው ራሱን ሲያጠፋ ነው። በዚህ ረገድ የቪየና ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር በ1978 ሥራ ከጀመረ በኋላ በዚያ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በዙ፤ ጋዜጦችም አጋነው ዘገቡት። በ1987 አጋማሽ ባለሙያዎች የአዘጋገብ መመሪያ አወጡ፤ ጋዜጦቹም ተቀበሉት። በዚያው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ በባቡሩ የሚፈጸመውና የሚሞከረው ከመጀመሪያው መንፈቅ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2000 ጀምሮ ለጋዜጠኞች ተመሳሳይ መመሪያ ያወጣል፦ ዘዴውን አትዘርዝሩ፣ በአንድ ምክንያት አታሳብቡ፣ እርዳታ የሚገኝበትን ጠቁሙ።

በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የክብርንና የመልካም ስምን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ይጠብቃል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል። የአንድ ሰው የሕክምና ካርድ ከክሱ ወረቀት ጋር ተያይዞ የሚታተም ጌጥ አይደለም። እኔ አዘጋጆችን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተጠርጣሪው ሕመም ስኳር ወይም ደም ግፊት ቢሆን ኖሮ ርዕስ ላይ ታወጡት ነበር? መልሳችሁ «አይ» ከሆነ ድብርቱንም ተዉት።