ነጥቧ ዜሮ የሆነው ሕመምተኛ፦ የልብ ምት መዛባትና የአደጋ ትንበያ ታሪክ ከመርካቶ ሲታይ



ንግግሬን ከአውቶቡስ ተራ ልጀምር። ለብዙ ዓመታት ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጣ ሰው አዲስ አበባን መጀመሪያ የሚረግጠው እዚያው መርካቶ ጥግ ነበር። ከዚያም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል ያመራል። በዚህ መንገድ የመጣች አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት እናስብ። ልቧ ይደልቃል፤ ምቱም የተዘበራረቀ ነው። ኢሲጂ ተነሥታ «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» ተብሎ ይጻፍላታል። በሚቀጥሉት ሠላሳ ቀናት ምን ይገጥማታል? ሐኪሙ ወደ ቤቷ ይሸኛት ወይስ ያስተኛት?

ይህች ሴት ለሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደለችም። ጄምስ ማኬንዚ በእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ በበርንሊ ሳለ የግራ የልብ በሯ የጠበበ አንዲት ሴት ለዓመታት ተከታትሎ ነበር፤ ምቷ ሲዛባ የተመለከተውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የመዛባቱ ምንጭ የልብ የላይኛው ክፍል መርገብገብ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1909 ቶማስ ሉዊስ በለንደን፣ ሮትበርገርና ዊንተርበርግ በቪየና በኢሲጂ አሳዩ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የፍራሚንግሃም ጥናት ቁጥሩን አወጣ፦ ይህ የምት መዛባት ብቻውን የስትሮክን አደጋ 5 እጥፍ፣ ከሪውማቲክ የልብ በሽታ ጋር ሲሆን ግን 17 እጥፍ ያደርሰዋል። ታሪኩ የተጠማዘዘው ከዚህ በኋላ ይመስለኛል። በበለጸጉት አገሮች ሪውማቲክ በሽታ እየጠፋ ስለሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2010 የወጡት ታዋቂ የነጥብ መለኪያዎች የተሠሩት ይህ በሽታ ለሌለባቸው ነው። የዓመታትን እንጂ የቀናትን አደጋም አይተነብዩም። ለድንገተኛ ክፍል የታሰበው ሞዴል ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ፦ ከ832 ሕመምተኞች 216ቱ በ30 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ችግር ገጥሟቸዋል። ከአመልካቾቹ መካከል ዕድሜ፣ የትንፋሽ ማጠርና ማጨስ ይገኙበታል።

የእኛ ሕመምተኛ ግን ወጣት ናት፤ አታጨስም። ደም ግፊትም፣ ስኳርም የለባትም። የልብ ድካም ካልተጨመረላት በ2001ዱ መለኪያ ነጥቧ ዜሮ ነው። ዜሮው የመለኪያው ስሕተት አይደለም፤ ለእሷ አልተሠራምና። ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ቅጹን ይዘን ሳንጠይቅ የምንሞላው።

የከተማ ፕላን ከልብ በር ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ለይተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የዛሬው መርካቶ ተፀነሰ፤ ዙሪያውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ተፋፈገ። ሪውማቲክ ፊቨር የሚነሣው በቅጡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ጀርሙም በአንድ ክፍል ብዙ ሰው በሚያድርበት ቤት በቀላሉ ይተላለፋል። የማኬንዚ በርንሊም ከዚህ ብዙ የራቀች አልነበረችም።

ከ40 በላይ አገሮችን ያካተተና ከ15 ሺህ በላይ የድንገተኛ ክፍል ሕመምተኞችን የመዘገበ ጥናት ልዩነቱን ገልጦታል። ሪውማቲክ የልብ በሽታ በሰሜን አሜሪካ በ2.2 በመቶው፣ በአፍሪካ በ21.5 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ለእነዚህ ሕመምተኞች የተሠራው ትልቅ የመድኃኒት ንጽጽር እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። አማካይ ዕድሜያቸው 50 ገደማ፣ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። እንደ ዋርፋሪን ያሉት አሮጌዎቹ ደም አቅጣኞች ከአዲሱ በልጠው ተገኙ። ዋርፋሪን ግን በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ነገ ማለዳ ወደ አገሯ የምትመለስበት አውቶቡስ አላት።