በሶ፣ ብርዝና ጨው፦ የሯጭ መጠጥ ከመንገደኛ ስንቅ እስከ ቤተ ሙከራ

በደቡብ ወሎ ከጃማ ወረዳ ከተማ ከደጎሎ ተነሥቶ ወደ ወንጭት ሸለቆ፣ ወይም ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ በአጭር ርቀት ከደጋ ወደ ቆላ ይሸጋገራል። ጧት ጋቢውን ደርቦ የተነሣው ሰው ቀትር ላይ በላብ ይጠመቃል፤ ሲመለስም ያንኑ ቁልቁለት አቀበት አድርጎ መውጣት ግዴታው ነው። በዚህ አገር ስንቅ የሚያዘው ረኃብን ለማስታገሥ ብቻ ሳይሆን፣ በላብ የወጣውንም ለመተካት ነው።

የስንቁ አውራ በሶ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ፣ ታምሶና ተፈጭቶ የሚገኘው ዱቄት ዳግመኛ እሳት አይሻም፤ ጥቂት ጨው ጣል ተደርጎበት በውኃ ሲታሽ ጭብጦ ይሆናል፤ ሲቀጥን ደግሞ ይጠጣል። ማር ያለው ማሩን በውኃ በጥብጦ ብርዝ ያደርጋል፤ ጠጅ የማይቀምሰው ሰው የሚስተናገደውም በዚሁ ነው። ጨው በበኩሉ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣ የነበረ፣ አሞሌ ተብሎም እንደ ገንዘብ ያገለገለ ውድ ዕቃ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት እንዲከትባት የታዘዘችው ወረኢሉ የደጎሎ ጎረቤት ናት፤ ስንቁን ራሱ ይዞ በእግሩ ለሚጓዝ የዚያ ዘመን ወታደር በሶ ሳይበላሽ የሚቆይ፣ በመንገድ ላይም ማገዶ የማይጠይቅ ምግብ ነበር።

ውኃ፣ ጨውና እህል ወይም ማር አንድ ላይ መገኘታቸው የልማድ ጥበብ እንጂ የምርምር ውጤት አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በሠለጠነው ዓለም የነበረው የስፖርት ዕውቀት ከዚህ ልማድ የሚሻል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ማራቶን፣ ሯጮች በሙቀትና በአቧራ ውስጥ ሲሮጡ ውኃ የሚያገኙባቸው ቦታዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከተነሡት 32 ሯጮች ውድድሩን የፈጸሙት 14 ብቻ ናቸው። ለአሸናፊው ለቶማስ ሂክስ በመንገድ ላይ የተሰጠው መጠጥ ብራንዲና የእንቁላል ነጭ ሲሆን፣ ስትሪክኒን የተባለው መርዝም አብሮ ነበረበት።

ነገሩ የተለወጠው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ሮበርት ክሬን የተባለው ሊቅ በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ አንድ አሳብ አቀረበ። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስ የሚያልፈው ከጨው ንጥረ ነገር ከሶዲየም ጋር ተያይዞ ነው፤ ሁለቱ ሲያልፉም ውኃው ተከትሏቸው ይገባል። ወሩ አልቆ ጳጉሜን 5 ቀን የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮማ አውራ ጎዳናዎች 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለቱ ድርጊቶች በጊዜው የሚያገናኛቸው አልነበረም፤ የሩቅ ርቀት ሯጭ አካል በላብ ያጣውን በምን መልክ ቢተካ እንደሚሻል ያስረዳው ግን የክሬን አሳብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ሮበርት ኬድና ባልደረቦቹ ለተማሪ ኳስ ተጫዋቾች ውኃ፣ ጨው፣ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ቀላቅለው አቀረቡ፤ ይህም ጌቶሬድ ተብሎ ለገበያ ዋለ። በ1968 በዳካ ተመራማሪዎች ያንኑ መሠረት ይዘው ለኮሌራ በሽተኞች የሚጠጣ ውሕድ ፈተኑ። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በተጠለሉበት ሰፈር ሐኪሙ ዲሊፕ መሐላናቢስ የደም ሥር መድኃኒት ሲያልቅበት ይህንኑ ውሕድ በጣሳ አድርጎ አጠጣ፤ ከመቶ 30 ያህል ይሞት የነበረው በሽተኛ ወደ 4 ወረደ። በአገራችን በየጤና ጣቢያው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየተባለ የሚታደለው ከዚህ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ በስኳሩ ፈንታ የሩዝ ዱቄት ተቀቅሎ ቢገባ ውሕዱ እንደሚሠራ ተረጋገጠ፤ እህልም በቤተ ሙከራ ፊት ክብሩን አገኘ።

እንግዲህ ሳይንስ ለጥንቱ ስንቅ የጨመረለት አዲስ ቅመም ሳይሆን መጠን ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሮጥ ሰው ለ1 ሊትር ፈልቶ ለቀዘቀዘ ውኃ 4 የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ለተቅማጥ በቤት የሚዘጋጀው ግን ሌላ ነው፤ ለ1 ሊትር ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባበታል። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም፤ ጨው የበዛበት ውሕድ ሕፃንን ሊገድል ይችላልና። የሩጫው መጠጥ ስኳር ሲበዛበትም በሆድ ውስጥ ይዘገያል፤ ሯጩንም ያውከዋል። ወፍራም በሶ ከልምምድ በፊትና በኋላ የሚመረጠው፣ በሩጫ መካከል ግን የማይመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ውኃም ቢሆን መጠን አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 ከመቶ የሚሆኑት በደማቸው ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ከመጠን በላይ መጠጣታቸው ነበር። በአንጻሩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2009 የዱባይን ማራቶን ሲያሸንፍ ከክብደቱ ወደ አንድ ዐሥረኛ የሚጠጋ እንደቀነሰ ተሰልቷል። ጥማት ሲጠራ መጠጣት፣ ሳይጠራም ሆድን አለመሙላት ከሁሉ የቀለለው መመሪያ ነው።

በደጎሎ ሜዳ ጧት ጧት የሚሮጥ ወጣት ባለቀለሙን ጠርሙስ ለመግዛት ገንዘብ ቢያጥረው፣ የጎደለበት ነገር የለም። ገብሱ በጎተራው፣ ጨውና ማሩ በእናቱ ጓዳ አሉ። እናቶች በእጅ ልክ ሲመጥኑት የኖሩትን አሁን በማንኪያ ሰፍሮ ማስተማር፣ ለአገሪቱ መምህራንና የጤና ሠራተኞች የቀረበ ሥራ ነው።