የተተወ ሐዲድ ይመለሳል ወይ?

ከደጎሎ ተነስተው በዓለም ከተማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የመጡ እንደሆነ፣ የወንጭትንና የጀማን ሸለቆ ወርደው ወጥተው ሲያበቁ ወገብዎ የእርስዎ አይሆንም። በማግስቱ ጉዳይዎን ጨርሰው ለገሃር ብቅ ቢሉ ግን፣ አንድ ሰፈር ላይ ሁለት የባቡር ታሪክ ያገኛሉ። አንደኛው ከቸርችል ጎዳና ግርጌ፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ኋላ ያለው አሮጌው ጣቢያ ነው፤ ከድሬዳዋ የመጣ ባቡር ካየ ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው እዚያው አጠገብ በድልድይ ላይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ነው። እሱ እንኳ አለ፤ ቆመው ከጠበቁት ይመጣል። መቼ ነው የሚመጣው ብለው ግን አይጠይቁ።

እኔን የሚያሳስበኝ የእነዚህ የሁለቱ ጉርብትና ነው። አንድ ከተማ ወይም አንድ አገር ባቡሩን ከተወው በኋላ መልሶ ሊያመጣው ይችላል? ከቻለስ፣ ለመመለስ ምን ምን ተርፎ መገኘት አለበት?

ከአሮጌው እንጀምር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ የሥራው ሸሪክ ነበር። በወረቀት ላይ የታሰበው ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም አልፎ ከፋና ነጭ ዓባይ ድረስ ነበር። ተራራው ግን ወረቀት አያነብም። ሐረር ድረስ ሽቅብ መውጣቱ ገንዘብ የሚበላ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ ከተማዋን በቆላ በኩል ዞራት፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ያኔ ኩባንያው በዕዳ ተይዞ ስለነበር ሥራው ለዓመታት ቆመ። በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ይታገሱኝ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ፣ የላስቲክ ጎማ በአስፋልት ላይ ከሚገጥመው በብዙ እጥፍ ያንሳል። ባቡር በጥቂት ነዳጅ ብዙ ጭነት የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው። በረከቱ ግን እርግማንም አለው፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ዳገት አይወድም። አይሱዙ ወንጭትን ታግሎ ይወጣል፤ ባቡር በዚያ ቁልቁለት ላይ እንሂድ ቢሉት እሺ አይልም። ድሬዳዋን የፈጠራት ይኸው ነው። ደጎሎ ባቡር አጠገቧ አልፎ የማያውቀውም ለዚሁ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

አሮጌው መስመር አንድ ቀን በድንገት አልሞተም። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ተመቱ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ሐዲዱ አረጀ፣ የጭነት መኪናው በረከተ፣ ነጋዴውም ወደ አስፋልቱ ዞረ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳት ሳያልቅ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄዱ ቆመ፤ የምሥራቁ ክፍል ብቻ፣ ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ፣ አልፎ አልፎ ነፍስ ሲዘራ ቆየ።

“አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቶ የለም ወይ?” ይሉኝ ይሆናል። ተተክቷል፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ለጭነትም ጠቅሟል። ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው። ለቡ ለመድረስ የሚከፍሉት የታክሲ ሒሳብና የሚያጠፉት ሰዓት ሲደመር፣ አዳማ በሚኒባስ ደርሰው ቡና ይጠጡ ነበር። አሮጌው መስመር ግን ከለገሃር ተነስቶ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በደብረ ዘይት፣ በሞጆ፣ በአዳማ መሐል ነበር የሚያልፈው። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ከተሞች በባቡሩ ዙሪያ ነው ያደጉት። ዛሬ ሰው በየቀኑ ለሥራ የሚመላለሰው በዚሁ መስመር ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ባቡር ሲዘጋ ብዙዎቻችን የምናዝነው ለብረቱ ነው፤ ለሎኮሞቲቩ፣ ለፉርጎው፣ ለፉጨቱ። ብረት ይገዛል። የማይገዛው ከከተማ መሐል እስከ ከተማ መሐል ሳይቆራረጥ የሚሄደው ጠባብ መሬት ነው። እሱ አንዴ ቤትና ሱቅ ከተሠራበት፣ ለማስመለስ የሚከፈለው ካሳ ከሐዲዱ ዋጋ ይበልጣል።

ሎስ አንጀለስን ይመልከቱ፤ የብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ናትና ዘመድ ካለዎት ይጠይቁ። ወደ ሎንግ ቢች ይሄድ የነበረው የመጨረሻው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1961 ተዘጋ። በ1990 ከተማዋ ባቡር ስታስመልስ የመጀመሪያውን መስመር የዘረጋችው በዚያው በአሮጌው የባቡር መንገድ ላይ ነው። መሬቱ ባይተርፍ ኖሮ ከየት ታመጣው ነበር? የፈረንሳይዋ ናንት ደግሞ በ1958 ትራሟን ነቅላ በ1985 መለሰች፤ ስትራስቡርግ በ1960 ነቅላ በ1994። እነዚህ መሬት ባይተርፋቸውም ከመኪና ላይ ቀምተው ለትራሙ ሰጡት። ቀላል አልነበረም፤ ባለ ሱቁም ባለ መኪናውም ጮኋል።

ያልቀማችውስ ምን ሆነች? ዋሽንግተን ዲሲ። ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤት በሚታይበት በዩ ስትሪት በኩል ድሮ ትራም ያልፍ ነበር፤ በከተማዋ መሐል ሽቦ በአየር ላይ መዘርጋት ስለተከለከለ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከመሬት ውስጥ ከተቀበረ ቦይ ነበር። የመጨረሻው በጥር 1962 ቆመ። በ2016 ኤች ስትሪት ላይ አንድ አጭር መስመር ተከፈተ፤ በነጻ ያሳፍር ነበር። ችግሩ ከመኪና ጋር በአንድ መንገድ መጋፋቱ ነበር፤ አንድ ሰው መኪናውን አጣሞ ካቆመ ትራሙም ይቆም ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ2025፣ ከንቲባዋ ራሳቸው ይዘጋ አሉ።

የጎረቤትንም እንይ። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከባሕር ጠርዝ እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ከላይ ያልኩትን የዳገት ነገር ጥቂት መስመሮች ናቸው እንዲህ የተፈታተኑት። በጦርነቱ ዘመን ተዘግቶ ብረቱ ለምሽግ ተነቀለ። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 የድሮ ባቡረኞች ከጡረታ ተጠርተው ሐዲዱን ከምሽግ መልሰው እየሰበሰቡ ዘረጉት፤ በ2003 ባቡሩ አስመራ ደረሰ። ዓለም አደነቀ፣ እኔም አደንቃለሁ። ነገር ግን መደበኛ አመላላሽ አልሆነም፤ በአብዛኛው ጎብኚ ሲመጣ ነው የሚነሣው። ሐዲድን መመለስና ባቡርን መመለስ ለየቅል ናቸው። የሚጭነው ዕቃና በየቀኑ የሚሳፈር ሰው ከሌለ፣ ሎኮሞቲቩ ሙዚየም ነው።

አሁን ወደ ድልድዩ ቀና ይበሉ። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ቲኬቱ ሲጀመር በ2 እና በ6 ብር መካከል ነበር። ለድሃ ከተማ ደግ ዋጋ ነው፤ መለዋወጫ ግን በዶላር ነው የሚገዛው። ጎማው ሲያልቅ፣ ፍሬኑ ሲበላ፣ ምንዛሪ ሲጠፋ፣ አንዱ ባቡር ለሌላው መለዋወጫ እየሆነ ከግማሽ በላይ ቆመ። ለዚህ ነው “የተተወ” የሚለውን ቃል ለአሮጌው ብቻ ለመስጠት የማልደፍረው።

የቀላል ባቡሩ ዕድል ግን ከአሮጌው እጅግ ይሻላል። መሬቱ የራሱ ነው፤ አጥር አለው፤ ሽቦው ተዘርግቷል፤ ተሳፋሪውም ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ ይጠብቃል። ናንት በ27 ዓመት ያጣችውን እኛ ገና አላጣንም። የጎደለው መለዋወጫና መለዋወጫውን እዚሁ መሥራት የሚችል እጅ ነው። የድሬዳዋው ወርክሾፕ ሠራተኞች፣ ፈረንሳይኛ እየተናገሩ ያረጁት፣ ከውጭ ዕቃ ባልመጣ ጊዜ ራሳቸው ቶርኖ ላይ እየቀረጹ መስመሩን ያቆዩ ሰዎች ናቸው። ያንን ሙያ ሳይጠፋ ወደ ቃሊቲ ማምጣት ከብድር ይረክሳል።

የአሮጌው መስመር ነገር ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። በየከተማው ሐዲዱ ተነቅሏል፣ በላዩም ተሠርቶበታል። ከለገሃር እስከ አዳማ የሠራተኛ ባቡር ይመለስ ከተባለ፣ በቅድሚያ የሚያስፈልገው መሬቱ የት የት ድረስ እንደተረፈ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ እሱ ከሎኮሞቲቭ በፊት ነው የሚመጣው።

ደጎሎስ? ለእርስዎ የሚቀርበው ባቡር በወረኢሉ አድርገው ደሴ፣ ከደሴ ወርደው ኮምቦልቻ ነው። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚሄደውን መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ ሠርቶ ሐዲዱን አነጠፈ፤ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደረሰበት፣ ንብረቱም ተዘረፈ። አስቡት፤ አንድም የጃማ ስንዴና ጤፍ ጭኖ ሳይጓዝ ከተተዉት ተርታ ሊገባ የደረሰ ሐዲድ ነው። በሚቀጥለው ወደ ደሴ ሲወርዱ ጥቂት አልፈው ኮምቦልቻ ይድረሱና ሐዲዱን ፈልገው ይዩት፤ መሐሉ ሣር አብቅሎ እንደሆነ፣ ወይስ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ።