ከፌዴራል በጀት ውጭ ለዩኒቨርሲቲ ምርምር የሚገኝ የገንዘብ ድጋፍ፦ ምንጮቹና የአጠያየቅ ሥርዓቱ

ጠቅላላ መግለጫ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ወጪ በዋናነት የሚሸፈነው ከፌዴራል መንግሥት በሚመደብ ዓመታዊ በጀት ነው። ይህ በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው የበጀት ዓመት የተወሰነ ሲሆን የመማር ማስተማሩንና የአስተዳደሩን ወጪም ይሸከማል። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ ለሚወስዱ ጥናቶች ተመራማሪዎች ሌሎች ምንጮችን ማፈላለግ ይኖርባቸዋል።

በደቡብ ወሎ ዞን ቃሉ ወረዳ የምትገኘው ሐርቡ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ ያለችው ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ በሚወርደው የቦርከና ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ከበላይዋ ያለችው ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ያሏት ሲሆን የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል። ከፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ የወንዙን ውኃ ለመስኖ ምን ያህል ተስማሚ እንዳደረገው ወይም እንዳላደረገው ለማወቅ ውኃው፣ ደለሉ፣ አፈሩና አትክልቱ በክረምትም በበጋም ደጋግሞ መለካት አለበት። የጥናቱ መልስ የአርሶ አደሩን ገበያና የቤተሰቡን ጤና የሚነካ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ የበጀት ዓመት አይጠናቀቅም።

የድጋፍ ምንጮች

1. የክልል ተቋማት። የአማራ ክልል ቢሮዎችና የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በጥሬ ገንዘብ ባይሆንም በባለሙያ፣ በመሞከሪያ መሬትና በቤተ ሙከራ ሊተባበሩ ይችላሉ። ከኢንስቲትዩቱ ማዕከላት አንዱ በሰሜን ወሎ የሚገኘው የሲሪንቃ ማዕከል ነው። እንዲህ ያለው ትብብር በምክረ ሐሳቡ ውስጥ እንደ አገር ውስጥ ድርሻ ተቆጥሮ የአመልካቹን ተወዳዳሪነት ያጠናክራል።

2. ኢንዱስትሪዎች። ፋብሪካዎች ለሚገጥሟቸው የቴክኒክ ችግሮች የውል ምርምር ሊያሠሩ ይችላሉ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዚህ ቅርብ ነው። ይሁንና ጥናቱ የገንዘብ ሰጪውን ድርጅት ፍሳሽ የሚመለከት ከሆነ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለሕዝብ የመገለጽ መብቱ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ መስፈር ይኖርበታል።

3. ለግለሰብ ተመራማሪዎች የሚሰጡ ድጋፎች። መቀመጫው በጣሊያን ትሪየስቴ የሆነው የታዳጊው ዓለም የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ ሦስተኛ ዲግሪ ላላቸው ጀማሪ ሴት ተመራማሪዎች እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

4. አህጉራዊ ማኅበራት። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በካምፓላ የሆነው ሩፎረም የተባለው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት፣ በግብርና ዘርፍ ለአባል ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንና ተመራቂ ተማሪዎች የውድድር ድጋፍ ያቀርባል። አመልካቹ በቅድሚያ የተቋሙን አባልነት ማረጋገጥ አለበት።

5. የተቋማት ትብብር። የቤልጅየሙ ቭሊር ዩኦኤስ ከጅማ፣ ከመቀሌ፣ ከባሕር ዳርና ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የረጅም ጊዜ ትብብር መሥርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚቆየው የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን ዩሮፕ መርሐ ግብርም ለኢትዮጵያ ተቋማት ክፍት ነው፤ በአብዛኛው የሚጠየቀው ግን በጥምረት ነው። የውጭ ድጋፍ ዘላቂ ተቋም ሊያቆም እንደሚችል የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ታሪክ ያሳያል። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ለሥጋ ደዌ ምርምር ተመሥርቶ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ይገኛል።

የአጠያየቅ ሂደት

1. የምርምሩ ጥያቄ በአንድ ገጽ ይጻፋል። ጥያቄው የማን ችግር እንደሆነና ውጤቱን ማን እንደሚጠቀምበት በግልጽ ይቀመጣል።
2. ከጥያቄው ጋር የሚስማማ ድጋፍ ሰጪ ይመረጣል። ጥያቄውን ለገንዘቡ ሲሉ መለወጥ አይመከርም።
3. የብቁነት መስፈርቶች፣ ማለትም ዜግነት፣ የትምህርት ደረጃ፣ ዕድሜና የሙያ ዘርፍ ይጣራሉ።
4. የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ብዙውን ጊዜ በግሪጎርያን አቆጣጠር ስለሚገለጽ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተለውጦ ይመዘገባል።
5. ምክረ ሐሳቡ በዩኒቨርሲቲው የምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በኩል ይቀርባል። የተቋም ስምምነት የሚፈርመው ሥልጣን ያለው ኃላፊ እንጂ ተመራማሪው አይደለም።

በጀት ሲዘጋጅ

የናሙና መጓጓዣ፣ የቤተ ሙከራ ኬሚካል፣ የመስክ አበልና የተቋሙ የአስተዳደር ወጪ ተለይተው ይቀመጣሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በብር የሚፈጸሙና በውጭ ገንዘብ የሚገዙ ወጪዎች ለየብቻ ሊሰሉ ይገባል።

ሕጋዊ ግዴታዎች

ሰዎችን የሚመለከት ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የዕፅዋት፣ የእንስሳት ወይም የረቂቅ ተሕዋስያን ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠየቃል። የተሳታፊዎች መረጃ አያያዝም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመራል።

የኅብረተሰቡ ድርሻ

አርሶ አደሮች፣ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥናት የሚሻ ችግራቸውን በጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲ ማቅረብ ይችላሉ። ከነዋሪዎች የመጣ ጥያቄና የትብብር ደብዳቤ ለምክረ ሐሳቡ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። በጥናቱ የሚሳተፉ ነዋሪዎችም ውጤቱ በሚረዱት ቋንቋ እንዲገለጽላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ለዚህ የሚሆን ወጪ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ መካተት አለበት።

ማሳሰቢያ

• ድጋፍ ለመስጠት ቅድመ ክፍያ የሚጠይቅ መልእክት በጥርጣሬ መታየት አለበት። ጥሪው የድጋፍ ሰጪው ይፋዊ ገጽ ላይ መኖሩ ሳይረጋገጥ ምንም ዓይነት ክፍያ መፈጸም አይገባም።
• በአንድ ምንጭ ብቻ መመካት አደጋ አለው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም በዓለም ዙሪያ በርካታ ፕሮጀክቶች በመሃል ተቋርጠዋል። ስለዚህ ጥናቱ በየምዕራፉ ራሱን የቻለ ውጤት እንዲኖረው ተደርጎ ቢቀረጽ፣ ድጋፉ ቢቋረጥ እንኳ እስከዚያ የተለካው መረጃ ለአካባቢው ይጠቅማል።